ሐኪሙ ራሱ ያልተማመነበትን መድኃኒት ግዙ መባል ልክ ነው?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መልሱ ስለበዛ ዘግይታችሁ ለገባችሁት ከላይ ጀምሬ ላውራላችሁ።

መነሻው ይሄ ነው። በ2013 አጎቴ በኮቪድ ታመው መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ጠርቶን ሬምዴሲቪር የሚባል የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ማዘዣ ሰጠን። መድኃኒቱ ገና እየተሞከረ እንደሆነ፣ ያድናቸዋል ብሎ ቃል መግባት እንደማይችል፣ አቅም ካለን ግን ብንገዛው እንደማይከፋ ነገረን። ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ የለም። ከጥቁር አንበሳ ዙሪያ ጀምረን ቸርችልን፣ ስታዲየምን፣ ሜክሲኮን አዳረስን፤ በመጨረሻ በሰው በሰው ተገኘ። አጎቴ ድነዋል። ያልገባኝ ሌላ ነው፤ ሐኪም እርግጠኛ ያልሆነበትን መድኃኒት ቤተሰብ ከኪሱ አውጥቶ እንዲገዛ ማዘዝ አለበት ወይ? ነገሩ የቆየ ቢሆንም ህዳር 5 ቀን 2018 ጂንካ ላይ ኢቦላን የሚመስለው የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ የዚሁ መድኃኒት ስም እንደገና ሲነሳ ስለሰማሁ ነው የጠየቅኩት።

1ኛውና 2ኛው መልስ እንኳን ማረላችሁ የሚሉ ናቸው፤ አሜን ብያለሁ። 3ኛው ቀጥታ ዋጋውን ጠየቀ። ስንት ተገዛ ውስጥ ከገባን ሌላው ይረሳል ብዬ ዝም አልኩት። ዝምታዬ ምንም አልፈየደም፤ በየመሃሉ የገባው የዋጋ ወሬ ብዙ ነው፣ እሱን እዘለዋለሁ።

4ኛዋ በዚያን ጊዜ የኮቪድ ዋርድ ውስጥ የሠራች ነርስ ናት። ለእኔ የክሩ፣ ማለትም የዚህ ሁሉ መልስ፣ ዋና ጽሑፍ የእሷ ነው። አስታማሚዎች ብልቃጡን በረዶ በሞላው ፌስታል፣ አንዳንዶቹም በሻይ ፔርሙስ ይዘው ይመጡ እንደነበር ታስታውሳለች። ዱቄት የሆነው ዓይነት በረዶ አይፈልግም፤ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ቢቀመጥ ይበቃዋል። በረዶ ፍለጋ ላይ ታች ያለው ሰው ግን ይህን የነገረው አልነበረም። ለአንድ ብልቃጥ 19 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ትጨምራለች፣ ዱቄቱ እስኪሟሟ ትነቀንቀዋለች፣ ከዚያ ከሴላይን ጋር ቀላቅላ በደም ሥር ቀስ ብሎ እንዲገባ ትሰቅለዋለች። በመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ሁለት ብልቃጥ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ አንድ። የአምስት ቀኑ ስድስት ብልቃጥ ይፈጃል።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብልቃጦቹ የአልጋ ቁጥር በፕላስተር ተለጥፎባቸው ይደረደሩ ነበር። አንዱ አልጋ ስድስቱም ተሟልቶለታል። ሌላው ሦስት ብቻ አለው፣ ልጆቹ ቀሪውን እየፈለጉ ነው። መስኮቱ ጋ ያለው ምንም የለውም። ስድስቱም ከተሟላላቸው አንዱ በሦስተኛው ቀን ሌሊት ሲያርፍ የእሱ ብልቃጥ ይተርፋል። ጠዋት ቤተሰቡ አስከሬን ሊወስድ ሲመጣ የተረፈውን ታስረክባለች። ለነፍሱ ይሁን ብለው ለመስኮቱ ጋው ታማሚ ትተው የሄዱ አሉ። ቆጥረው ተረክበው በገዙበት ዋጋ ለሌላ አስታማሚ ኮሪደር ላይ የሸጡም አሉ። እሷ በሁለቱም አልፈረደችም፤ ተበድሮ የገዛ ሰው ዕዳው አብሮት እንደማይቀበር ታውቃለች። ያስከፋት ሦስት ብልቃጥ ብቻ የተገኘለት ሰው ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም መድኃኒት መጀመር ነበረበት ወይ ብላ ለሐኪሞቹ ጥያቄ አስቀምጣ ወጣች። ቁርጥ ያለ መልስ የሰጣት የለም።

5ኛው በጨዋ ደንብ አረመን፤ እኔንም የአጎቴንም ሐኪም። በዚያን ወቅት መድኃኒቱ በየትኛው ዓይን እንደሚታይ የሚወስነው ማንን ትጠይቃለህ የሚለው ነው አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥቅምት 12 ቀን 2013 ሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ ታማሚዎች ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶታል። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ህዳር 11 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታል ለተኙት አትስጡ የሚል ምክር አወጣ። ይኸው ድርጅት በሚያዝያ 2014 ሕመማቸው ገና ላልከፋ፣ ግን ሊከፋባቸው ለሚችል ሰዎች ይሰጥ አለ። እንግዲህ የአጎቴ ሐኪም ማዘዣውን ሲጽፍ ከሁለት ትልልቅ ተቋማት ሁለት ተቃራኒ ቃል እየሰማ ነበር ማለት ነው።

6ኛው ሐኪም ነው፤ ያኔ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ነበርኩ ብሏል። የሁለቱን ጠብ በደንብ ፈታው። አሜሪካኖቹ የተደገፉበት ጥናት 1,062 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ መድኃኒቱን፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለውን መርፌ የሰጠ ነው። መድኃኒቱን ያገኙት በአማካይ በ10 ቀን ሲያገግሙ ሌሎቹ 15 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ ሞትን ስለመቀነሱ ግን ቁርጥ ያለ ነገር አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው ሶሊዳሪቲ የተባለው ሙከራ ደግሞ በ30 ሀገራት ከ11 ሺህ በላይ ሰው ይዞ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ከሞት ይተርፋል ወይ? መልሱ ለውጡ ትንሽ ነው፣ ካለም ማለት ነው የሚል ሆነ። አንዱ ቶሎ ይነሳል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው ይተርፋል ወይ ብሎ። አልጋ ለጠበበበት ሆስፒታል አምስት ቀን ቀድሞ የሚለቀቅ አልጋ ቀላል ነገር እንዳልሆነም ጨመረ። ይቺን ከዚያ በፊት አስቤያት አላውቅም።

7ኛው አመስግኖ ሄደ። ጨዋነቱ እዚህ ላይ አበቃ።

8ኛው ሐኪሞች ከፋርማሲ ኮሚሽን እንደሚበሉ፣ ማዘዣው ሁሉ ንግድ እንደሆነ፣ እኔም የዋህ እንደሆንኩ ጻፈ። ማስረጃ የለውም፤ ብዙ ላይክ ግን አገኘ። ነርሷ በ9 ተመልሳ መጣች፤ ያን ሰሞን ጋውንና ጓንት አጥበው የሚደግሙ፣ ልጆቻቸውን ወር ሙሉ ያላቀፉ ሰዎችን ነው ወይ ነጋዴ የምትለው ብላ ጠየቀችው። አልመለሰላትም። እኔ ግን ከሰውየው ቁጣ ሥር ያለው ነገር ይገባኛል። ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚንከራተት ሰው ያዘዘውን ነው የሚጠረጥረው፤ ሌላ የሚያየው ሰው የለማ።

10ኛው ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው። ዴክሳሜታሶንን የምታስታውሱ አላችሁ ወይ አለ። የድሮ መድኃኒት፣ ርካሽ፣ ፒያሳም መርካቶም የማይጠፋ። እንግሊዞች ሪከቨሪ በተባለው ሙከራ በዕጣ ከፋፍለው ሰጥተው ሰኔ 2012 ውጤቱን ይፋ አደረጉ፤ በቀን 6 ሚሊ ግራም ሲሰጥ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። የሰውየው ነጥብ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ሐኪም የመሰለውን እየሰጠ ቢሆን ኖሮ ይህ በወራት ውስጥ አይታወቅም ነበር። እዚህ ላይ እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ። አጎቴም ዴክሳሜታሶን ይወስዱ ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ዛሬም ድረስ ያዳናቸው ያ በመከራ የተገኘው ብልቃጥ ነው፤ በሳንቲም የሚገዛውን ማን ያመሰግናል?

11ኛዋ ዕጣ የሚለው ቃል አንገበገባት። ሰው እየሞተ በዕጣ መድኃኒት መስጠትና መከልከል ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ ሐበሻ የላቦራቶሪ አይጥ ነው ወይ ብላ ተነሳች። እንደ ማስረጃ ያመጣችው በናይጄሪያ ካኖ ልጆች ላይ የተደረገውን ነው፤ በቫይረስ የሚያዙ ልጆችን ፈጁ ብላ። 12ኛው አረማት፤ ሲያርም ግን እንደ መምህር ሆኖ ነው፣ አነጋገሩ ለእኔም አልጣመኝም። በካኖ እ.ኤ.አ. በ1996 የነበረው በባክቴሪያ የሚመጣው የማጅራት ገትር ነው፤ የተሞከረውም የፋይዘር ፀረ ተሕዋስያን ትሮቫን ነው። ከ200 ልጆች 11 ሞቱ፤ አምስቱ አዲሱን፣ ስድስቱ ነባሩን መድኃኒት ከወሰዱት ወገን። ክርክሩ ወላጆች አውቀው ተስማምተዋል ወይ የሚለው ላይ ነበር፤ ኩባንያው ጥፋት አልሠራሁም እያለም እ.ኤ.አ. በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሴትዮዋ በ13 መልሳ ቁጥር አትቁጠርብኝ፣ አንተ ልጅህ ታሞ አያውቅም ብላ ዘለፈችው። እሱም አልተወም። ሦስት አራት ልጥፍ እንዲሁ ሄደ፤ አንብቤዋለሁ፣ የሚረባ የለውም።

ይህን የገላገለው 17ኛው ነው። ቁጣዋን አልነቀፈም፣ ግን የተገላቢጦሹን ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሴራሊዮን ውስጥ ኢቦላን ሲያክም የነበረው ዶክተር ሼክ ኡመር ካን ራሱ ተያዘ። ዚማፕ የተባለው፣ በሰው ላይ ሞክሮት የሚያውቅ ያልነበረ መድኃኒት እሱ በተኛበት ካይላሁን ማዕከል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ሐኪሞቹ መከሩ። መድኃኒቱ ቢገድለው ሕዝቡ ምን ይላል፣ ሌሎቹ ታማሚዎችስ የማያገኙትን እሱ ብቻ እንዴት ያገኛል አሉና ላለመስጠት ወሰኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2006 አረፈ። መድኃኒቱ ወደ ላይቤሪያ ሄዶ ለሁለት አሜሪካውያን የሚሲዮን ሠራተኞች ተሰጠ፤ ሁለቱም ዳኑ። አይጥ አታድርጉን ያልን እኛው፣ ለነጭ ሲሰጥ ለጥቁር ለምን ተከለከለ ብለን የጮህነውም እኛው ነን አለ። 11ኛዋ ለዚህ መልስ አልሰጠችም፤ ላይክ ግን አድርጋለች።

6ኛው ሐኪም በ18 ተመልሶ ታሪኩን እስከ ዳር ወሰደው። ያ ዚማፕ ላይቤሪያዊው ዶክተር አብርሃም ቦርቦርም ወስዶት ነበር፤ ሞተ። ስፔናዊው ቄስም እንዲሁ። ሁለት ሲድኑ አዳነ፣ ሁለት ሲሞቱ አላዳነም። ነገሩ የለየለት በኋላ ኮንጎ ላይ ነው፤ በዕጣ። 681 ታማሚዎች ለአራት መድኃኒቶች ተከፋፈሉ። ዚማፕ ከወሰዱት ግማሹ ያህል ሞቱ፣ ሬምዴሲቪር ከወሰዱት 53 በመቶ፤ ሁለቱን ሌሎች የፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ፕሮቲን) መድኃኒቶች ከወሰዱት ግን 35 እና 34 በመቶ ገደማ። ሙከራው በነሐሴ 2011 ቀድሞ እንዲቆምና ሁለቱ የተሻሉት እንዲሰጡ ተደረገ። ከሁለቱ አንዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 ኪክዊት ከተማ ከኢቦላ ከተረፈ ሰው ደም ከተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከጀርባው ያሉትም ኮንጎአዊው ሐኪም ዣን ዣክ ሙየምቤ ናቸው። የእኛ ሬምዴሲቪር እንግዲህ በኢቦላ ውድድር ወድቆ ነው ወደ ኮቪድ የተላከው። ይህንን በ2013 የአጎቴ ሐኪም ቢነግረን ኖሮ ሜክሲኮ ድረስ እንሄድ ነበር? እንሄድ ነበር መሰለኝ። ቢያንስ ግን አውቀን ነበር የምንሄደው።

ከ19 እስከ 22 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ጸበል አነሳ፤ ሌላው ዳማከሴና ነጭ ሽንኩርት። አንዱ በመጋቢት 2012 ከሀገር በቀል ዕውቀትና ከዘመናዊ ሳይንስ ተቀምሞ መሠረታዊ ሙከራውን አለፈ ተብሎ በዜና የተነገረው መድኃኒት የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሳቅ በቀር መልስ አላገኘም። 22ኛው አያቱ የነገሩትን የህዳር በሽታ አመጣ። በ1911 አዲስ አበባ ቀባሪ ባጣችበት ጊዜ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል፤ ያኔ የቤቱ ሁሉ መድኃኒት ጭስና ባሕር ዛፍ ነበር። ህዳር 12 ቆሻሻ ማጨሱ ከዚያ የቀረ ነው። ጭሱ ረድቶ ይሁን በሽታው በራሱ ጊዜ አልፎ ማን ቆጠረ ብሎ ጨረሰ። ወጣ ያለ ነገር ነው፣ ግን ከሁሉ ይልቅ ወደ ጥያቄዬ የተጠጋው እሱ ነው።

ምክንያቱም 23ኛዋ ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ የአጎትህ የመውጫ ወረቀት ላይ ሬምዴሲቪር ተጽፏል? ተነስቼ ፋይሉን አወጣሁ። ዴክሳሜታሶን አለ። ደም የሚያቀጥነው መርፌ አለ። ሴፍትሪአክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ አለ። ስንት ሊትር ኦክስጅን ላይ እንደነበሩ አለ። በሰው በሰው የገዛነው የለም።

ይህን ስጽፍ ክሩ እንደገና ጋለ። 6ኛው ሐኪም በ24 ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ዋርድ ውስጥ በሚቀረው የመድኃኒት መስጫ ሠንጠረዥ ላይ እንደሚመዘገብ፣ የመውጫ ወረቀቱን የሚጽፈው ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም፣ ደግሞ በሌሊት ሃያ ሰው ሲያስወጣ ሁሉንም እንደማይገለብጥ አስረዳ። 25ኛው በዚያው ቀጠለና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ ኢቦላ ጀምሮ ያልተረጋገጠ መድኃኒት ከሙከራ ውጭ ሲሰጥ ምን መሟላት እንዳለበት ማስቀመጡን ነገረን፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቅዳል፣ ታማሚው አውቆ ይስማማል፣ የሆነው ሁሉ ተመዝግቦ ለሌሎች ይደርሳል። ኮሪደር ላይ የተሰጠን ማዘዣ ከሦስቱ የትኛውን አሟልቷል? 8ኛው ደግሞ ኮሚሽኑን ይዞ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሰማውም።

26ኛው ሩዋንዳን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 ማርበርግ ሲገባ 66 ሰዎች ተያዙ፣ 15 ሞቱ፤ ቀደም ሲል በአንጎላ ከተያዙት አብዛኞቹ ያለቁበት በሽታ ነው። ሬምዴሲቪርና አንድ የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ እንግዲህ ይሠራል አለ። ሐኪሙ ቶሎ አይደለም አለው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፣ ቶሎ ታወቁ፣ ፈሳሽና ኦክስጅን በሰዓቱ አገኙ፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ውለው ከማሽን ወርደው የዳኑም አሉ። ጥሩ አፈር ጥሩ ዘር ጥሩ ዝናብ ያገኘ ማሳ ውስጥ ማዳበሪያውን ብቻ ማመስገን አይሆንም አለው። 26ኛው ተቆጣ፤ የሞቱትን ሳይሆን የዳኑትን ትጠራጠራላችሁ አለ። እኔ ከሐኪሙ ጋር ነኝ፤ ግን የሩዋንዳ ታማሚዎች ቤተሰብ ብልቃጥ ፍለጋ ኪጋሊን ሲዞር አላደረም፤ መድኃኒቱ ወደ ማዕከሉ መጣላቸው። ልዩነቱ ለእኔ እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሙ በ28 ወደ እኔ ዞረ፤ ትንሽም ጠንከር ብሎ። የአጎቴ ሐኪም መድኃኒቱ መኖሩን እያወቀ ቢደብቀን፣ እኛም በኋላ ከሌላ አስታማሚ ብንሰማ፣ ዛሬ የምለጥፈው ለምን ደበቀን የሚል ይሆን ነበር አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱን አልክድም። ይንገረን እንጂ፤ ግን የነገረንን ይጻፈው፣ ካልተረጋገጠ ያልተረጋገጠ ብሎ፤ ከሰጠም ሰጠሁ ብሎ፤ አጎቴ ቢድኑም ባይድኑም የእሳቸው ነገር የሆነ ቦታ ይቆጠር ብዬ መለስኩለት። እሱ ባለበት ሆስፒታል የስምምነት ፎርም እንደነበር ነገረኝ፤ ሦስት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ አስታማሚው የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ የሚፈርምበት።

መጨረሻ ላይ ያለው 30 የነርሷ ነው። ያንን ፎርም ለአስታማሚዎች በአማርኛ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ጉበት ሊጎዳ ይችላል፣ በየጊዜው ደም እንወስዳለን፣ ላይሠራም ይችላል፣ አለመፈረም ትችላላችሁ እያለች አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። ጨርሳ ጥያቄ አላችሁ ስትል ሁሉም የሚጠይቋት የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ነው።